የእማዬ ግፊት ሁለት

ሰፈርተኛው ሁሉ «ካቻቢቴ» እያለ ይጠራታል። ስሙን ያወጡላት የሱቋ ጎረቤት የሆኑት ልብስ ሰፊ ናቸው። ኮምፒውተር ስትፈታ ካቻቢቴዋን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ትረሳውና መደርደሪያውን ሁሉ ስታተራምስ አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን ጭንቅላትሽን ፈተሽ እንዳታስቀምጪው!» ብለው የሳቁባት ዕለት ነው። እሷም ስሙን አልጠላችውም። የሰው ልብስ አጥባ ያሳደገቻት እናት ልጅ በያዘችው መሣሪያ ብትጠራ ምን ይቀርባታል?

ያን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኳ ሲጮኽ ግን ቁጥሩን አይታ የያዘችውን ካቻቢቴ አስቀመጠች። የዚያ ቤት ስልክ ነበር።

«ሄሎ፣ እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮዋ። ማን እንደሆኑ መናገር ልማዳቸው አይደለም፤ ሰው ሁሉ ድምፃቸውን እንዲያውቅ ይጠብቃሉ። «ልጄ ያንን ኮምፒውተር ገደለው። አዲስ ሲስተም እጭናለሁ ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ሲታገለው ሰነበተ፤ አሁን ጭራሽ አልነሳም አለ። የደም ግፊቴ መዝገብ እሱ ውስጥ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ። እሱም እህል አልቀምስም ብሏል።»

«እትዬ፣ ሌላ ባለሙያ ቢፈልጉ...»

«ሌላ ሰው አይነካውም ብሎኛል። ነይ እንግዲህ!» አሉና ዘጉት።

ካቻቢቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እናቷ በዚያ ቤት ለአሥራ ስምንት ዓመት ልብስ አጥባለች። እሷም በልጅነቷ በጓሮ በር እየገባች፣ በሳሙና አረፋ ስትጫወት ነው ያደገችው። ሱቅ ከከፈተች በኋላ ግን የምትገባው በዋናው በር ሆነ፤ የወይዘሮዋ አንድያ ልጅ፣ መጽሐፍ ተርጓሚው፣ ኮምፒውተሩ ባስነጠሰ ቁጥር ያስጠራታል። ያ ኮምፒውተር ደግሞ ጉንፋን አይለቀውም ነበር። አንድ ጊዜ «ማውሱ ሞተ» ብሎ ጠርቷት ብትመጣ ገመዱ ከጀርባው ወልቆ አገኘችው።

«ወልቆ ነው እኮ!» ብትለው፣

«አየሽ፣ ይሄን ነው የማላውቀው» አላት፤ ዓይኑ ግን ይስቅ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥገናው አሥር ደቂቃ፣ ሻዩ አንድ ሰዓት እየሆነ መጣ። ከሦስት ወር በፊት ታዲያ ሻይ ጠጥታ ስትወጣ ወይዘሮዋ ራሳቸው እስከ በር ሸኟትና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ እናትሽ በዚህ ቤት ያን ሁሉ ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ ሳሎን አልተቀመጠችም። ጨዋ ሴት ነበረች» አሏት።

ስድብ ቢሆን ኖሮ መልስ አታጣም ነበር። ምርቃት በሚመስል ድምፅ የተነገረን ነገር ምን ብላ ትመልሰው? በዚያኑ ዕለት ለተርጓሚው «ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ባለሙያ ፈልግ» የሚል መልእክት ላከችለት። ደወለ፣ አላነሳችም። ጻፈ፣ አልመለሰችም። «የሰው በር ሲከፈትልሽ ግቢ፤ ሳይዘጋብሽ ደግሞ ውጪ» ትላት ነበር እናቷ፤ እሷም ሳይዘጋባት ወጣች። አንጀቷ ግን እዚያው ቀርቷል።

«ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አለች ቦርሳዋን እያነገተች። «መዝገባቸውን አወጣለሁ፣ ሲስተሙን እጭናለሁ፣ ደህና ሁኑ ብዬ እወጣለሁ። ላልመለስ!» ይህን ሁሉ የምትናገረው ባዶ ሱቅ ውስጥ ነበር።

*

በሩን የከፈተላት ተርጓሚው ራሱ ነው። ከስቷል፤ ጺሙም እንደ ነገሩ አድጓል። ሲያያት «መጣሽ» አለ።

«ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበቱ?» አለችው ጫማዋን እያየች።

«ሰነበቱ?» ፊቱ ጠቆረ። «ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት?»

«ማሽኑ የት ነው?»

የት እንዳለማ ታውቃለች። መዝገበ ቃላቱ እንደ ግንብ በተደረደረበት ጠባብ ክፍል፣ ከጠረጴዛው ሥር። ተንበረከከችና ክዳኑን መፍታት ጀመረች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ መስኮት እንደሰበረ ተማሪ፣ ጥፋቱን ይዘረዝርላት ጀመር።

«ቪዲዮ አይቼ ነው። ፍላሹን አዘጋጀሁ፣ ጀመርኩት፣ ስድሳ አራት በመቶ ደርሶ ቀጥ አለ። ዳግመኛ ጀመርኩ፤ ሠላሳ ሰባት ላይ ቆመ። በሦስተኛው ሰማንያ ደርሶልኝ ነበር። ደስ ብሎኝ እማዬን ጠርቼ ሳሳያት፣ ዓይናችን እያየ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ጠፋ።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» አመለጣት። ሳቋን ለመደበቅ አንገቷን ሳጥኑ ውስጥ ቀበረች። «የያዝኩትን ሁሉ አጥፍቼ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠይቆዎት ነበር?»

«ጠይቆኛል። እምቢ አልኩት።»

ሦስት ዓመት የደከመበት ትርጉም አልጠፋም ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ጥፋት መካከል አንድ ደግ ነገር ሠርቷል።

ካቻቢቴ በሥራዋ ላይ የማትሽራቸው ልማዶች አሏት። ሁሉም ነገር ወደ ሌላ ቦታ ሳይገለበጥ ጥገና አትጀምርም። የተገለበጠውንም ቢሆን ባለቤቱ ፊቷ ቆሞ አንድ ፋይል ከፍቶ፣ አንድ መስመር ጮክ ብሎ ካላነበበላት ተገልብጧል አትልም። ሥራ በጀመረች ሰሞን የአንዲት ሙሽራ ፎቶዎች ገልብጣ፣ ስማቸው ብቻ ተርፎ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ተገኝቶ፣ ሙሽራዋ ስታለቅስ አብራ ካለቀሰች ወዲህ ያመጣችው ሥርዓት ነው። እሷ ራሷ ደግሞ የደንበኛ ፋይል ከፍታ አታነብም፤ ቢለምኗትም አታነብም።

ሃርድ ዲስኩን አውጥታ ከራሷ ላፕቶፕ ጋር በገመድ አገናኘችና መገልበጥ አስጀመረች።

«ሁሉንም ነው የምትገለብጪው?» አለ ተርጓሚው።

«ሁሉንም።»

«ትርጉሙና የእማዬ መዝገብ ቢተርፍ ይበቃኛል እኮ። ሌላው ቢጠፋም ግድ የለም።»

«ሌላው ምንድን ነው?»

ዓይኑን ወደ መጋረጃው ሰደደ። «ደብዳቤዎች። ያልተላኩ።»

ካቻቢቴ ዝም ብላ መሥራት ይገባት ነበር። ምላሷ ግን ቀደማት። «ለሴት?»

«ለሴት።»

አንድ ብሎን ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሁለቱም ሊያነሱት ጎንበስ አሉ፤ ጣቶቻቸው ብሎኑ ላይ ተነካኩ፤ እሷ እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለች።

«ያልተላከ ደብዳቤ ምኑ ነው ደስ የሚያሰኘው?» አለና ብሎኑን መዳፏ ላይ አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሦስት ወር! ሦስት ወር ውስጥ ሌላ ሴት አገኘ፣ ጻፈላት፣ አፈረ፣ ደበቀ። እሷ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ስልኩ በጮኸ ቁጥር አላነሳም እያለች ከራሷ ጋር ስትታገል ነበር። ቅናት ምን እንደሆነ ያን ዕለት አወቀችው።

*

ግልበጣው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። እስከዚያ ደግሞ በሽታውን መፈለግ አለባት።

ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቢቆም ኖሮ ፍላሹን ትጠረጥር ነበር። አንዴ ስድሳ አራት፣ አንዴ ሠላሳ ሰባት እያለ ቦታ የሚቀያይር ከሆነ ግን የራሙ ነገር ነው። ራም የሚሏት ጣት የምታክል ካርድ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ሁሉ ለጊዜው የሚይዝባት ናት፤ እሷ ከዘነጋች ማሽኑ የጀመረውን አይጨርስም። ካቻቢቴ ባትሪዋን አብርታ ወደ ውስጥ አየች። ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን ተሰክተዋል፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። በሰማያዊው ጫፍ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አለ።

ነጥቡን ያደረገችው ራሷ ናት። የራሷን ዕቃ ከደንበኛ ዕቃ የምትለየው በዚያ ነው።

ከአራት ወር በፊት ነበር። «መዝገበ ቃላቱን ከትርጉሙ ጋር ስከፍት ይሄ ማሽን ያንቀላፋል» ብሎ ሲያማርር ሰማችው። በማግስቱ ከሱቋ ኮምፒውተር ላይ አንዱን ራም ነቅላ አምጥታ ሰካችለትና «አቧራውን ጠርጌልሃለሁ» ብላው ሄደች። «ስትጠርጊው እንዴት ፈጠነ!» ብሎ ሲደነቅ እሷ በሆዷ ሳቀች። ስጦታ መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ካርዶቹን አንድ በአንድ እየሰካች ራም በሚፈትሽ ፍላሽ አየቻቸው። አረንጓዴው ንጹሕ ሆኖ አለፈ። ሰማያዊው ሲሰካ ስክሪኑ በቀይ የስሕተት መስመር ተሞላ፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ። አርጅቶ ኖሯል። ያን ሰው ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳው፣ እናቱን ስለ መዝገባቸው ያስጨነቃቸው፣ የሦስት ዓመት ድካሙን ገደል አፋፍ ያደረሰው የእሷ ፍቅር ነበር!

ነቅላ ኪሷ ልትከተው ትችላለች። «አቧራ ነበር» ብትል ማን ያውቅባታል? እሱ እንደሆነ ከአቧራና ከራም የማይለይ ሰው ነው። ወይዘሮዋ ቢሰሙ ደግሞ «የድሮ ዕቃሽን ቤቴ አምጥተሽ!» ሊሏት ነው። ካርዱን በመዳፏ ይዛ ቆየች።

«ጥፋቱ የአንተ አይደለም» አለች በመጨረሻ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው። «የኔ ነው። ይቺ ካርድ የኔ ናት። ያን ጊዜ አቧራ አልጠረግሁም፤ ከኮምፒውተሬ ነቅዬ ነው የሰካሁልህ። የታመመችው እሷ ናት። ሲስተሙን እንዳይጫን ያደረገችው እሷ ናት። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ተርጓሚው ጎንበስ ብሎ ካርዷን አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ያንቺ ኮምፒውተርስ?» አላት።

«በአንድ ራም ይሠራል። ይንቀራፈፋል እንጂ ይሠራል።»

«አራት ወር ሙሉ አንቺ ስትንቀራፈፊ እኔ ስፈጥን ከረምኩ ማለት ነው?» አለ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ አትቀበለኝም ነበር።»

ሁለቱም «አንተ» ስትለው እንደቆየች ያን ጊዜ እኩል አስተዋሉ። ልትመልሰው አልቻለችም፤ እሱም እንድትመልሰው አልፈለገም። አንድ እርምጃ ቀረባት። ሊናገር አፉን ሲከፍት በሩ ተንኳኳና ወይዘሮዋ መነጽራቸውን እየጠረጉ ገቡ።

*

«መዝገቤስ?» አሉ።

ላፕቶፑ በዚያው ቅጽበት ግልበጣውን መጨረሱን አስታወቀ። ካቻቢቴ ዓይኗን በክንዷ ጠረግ አድርጋ ወንበሩን ሳበችላቸው። «ደርሷል፣ እትዬ። አሁን አንድ ፋይል ከፍተው አንድ መስመር ጮክ ብለው ያነቡልኛል። ያን ጊዜ መትረፉን አረጋግጣለሁ።»

ተርጓሚው ከቆመበት ዘሎ መጣ። «እኔ አነባለሁ! ከትርጉሙ አንድ መስመር—»

«የኔ መዝገብ ነው፣ እኔ አነባለሁ» አሉ ወይዘሮዋ ተደላድለው እየተቀመጡ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ፈለጉ። «ይኸው! 'የእማዬ ግፊት'። ከሥሩ ደግሞ 'የእማዬ ግፊት ሁለት'። ሁለተኛው አዲሱ ነዋ!»

«እማዬ፣ እሱ አይደለም! እማዬ፣ እባክሽ—»

ማውሱ ጠቅ አለ።

ምስኪን! ደብዳቤዎቹን የት እንደሚደብቅ ሲያስብ በዓለም ላይ ማንም ሰው የማይከፍተውን ስም መረጠላቸው። የአሮጊት ደም ግፊት ማን ያያል? ያቺ አሮጊት በዚያው ቤት እንደምትኖር ዘነጋ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ወይዘሮዋ በድሮ ተማሪ አነባበብ፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብለው ጀመሩ። «'ዛሬም አልመጣሽም።' ማናት ያልመጣችው? ነርሷ ናት?» ቀጠሉ። «'ማውሱን ነቅዬ ልጠራሽ አሰብኩ፤ እንደማትመጪ ሳውቅ መልሼ ሰካሁት። ሻይ የማፈላው እስካሁን ሁለት ብርጭቆ ነው። ካቻቢቴሽን ጸጉርሽ ውስጥ ሰክተሽ ክፍሉን ስታተራምሺ እኔ የት እንዳለ እያየሁ ዝም እልሽ ነበር፤ ፍለጋው እንዲረዝምልኝ።'»

የወይዘሮዋ ዓይን ከስክሪኑ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ወደ ካቻቢቴ ጸጉር ሄደ። መሣሪያው እዚያው ተሰክቷል። ካቻቢቴ እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው፤ እንባዋም መጣ። ሌላይቱ ሴት እሷው ናት!

«እማዬ፣ ይበቃል» አለ ልጃቸው፣ በማይሰማ ድምፅ።

አልተዉም። ምናልባት መተው አልቻሉም። «'እማዬ ምን እንዳለችሽ አላውቅም። የሆነ ነገር እንዳለችሽ ግን አውቃለሁ፤ ስምሽን ባነሳሁ ቁጥር ከወንበሯ ትነሳለች። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን እንዳትቀር ትፈራለች። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት ያንቺ እናት አጥባ የተኮሰችውን ሸሚዝ ለብሼ ነው። አስተማሪዎቼ የእናቴን ንጽሕና ያደንቁ ነበር። እጁ የማን እንደነበረ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም፤ ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል...'»

ድምፃቸው ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንት ገጽ ነው?» አሉ።

«አርባ ሦስት» አለ ልጃቸው፣ አንገቱን ደፍቶ።

«አርባ ሦስት! የኔ ግፊት እኮ አንድ ገጽ አይሞላም።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ፊታቸውን ወደ ካቻቢቴ አዞሩ። «እናትሽ ሳሎን አልተቀመጠችም ብዬሽ ነበር። እውነቴን ነው፣ አልተቀመጠችም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ተቀመጪ ያላት ሰው ስላልነበረ ነው።»

«እትዬ...»

«ደህና ናት?»

«ጉልበቷን ያማታል።»

«ማጠቡ ነዋ። ጉልበቷን የበላው የኛ ልብስ ነው።» ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ፣ ወንበሩንም ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ተቀመጪ። ይሄ የኔ አይደለም፤ የተጻፈላት ሰው ታንብበው።» በሩን በዝግታ ዘግተውት ወጡ።

*

ካቻቢቴ ወንበሩን ይዛ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም።

«የደንበኛ ፋይል አላነብም» አለች።

«እንግዲያው ደንበኛሽ መሆን ይቅርብኝ» አላት። «ስድስት ዓመት ደንበኛ ሆኜ ሰለቸኝ። ሌላ ነገር አድርጊኝ።»

«ምን ላድርግህ?»

«መጀመሪያ አንብቢው። ከዚያ ራስሽ ትነግሪኛለሽ።»

ተቀመጠች። ግን እሷ እሷ ናትና፣ ከማንበቧ በፊት ሃርድ ዲስኩን በእሱ እጅ ወደ ቦታው አስመለሰች፤ አረንጓዴውን ራም ብቻ አሰካችው፤ ፍላሹንም እንዲጀምር አዘዘችው። አንድ መስመር ጮክ ተብሎ ተነቧል፤ ኮፒው ትክክል ነው፤ አሁን ፎርማት ቢጠይቅ እሺ ይበለው። እሱ ከወንበሯ ጎን ተንበርክኮ ስክሪኑን እያየ መቶኛውን ይጠራል፣ እሷ ከላፕቶፑ ታነባለች።

«ሠላሳ ሰባት» አለ ትንፋሹን ይዞ። አለፈ።

እሷ ገጽ ዘጠኝ ላይ ነበረች፤ ሱቋ ፊት ለፊት በዝናብ ቆሞ የተመለሰበትን ቀን የሚተርከው ላይ።

«ስድሳ አራት።» አለፈ።

ገጽ ሃያ ላይ እጇን ወደ ታች ሰደደች፤ ሳታይ ጸጉሩን አገኘችው። እሱም መቁጠሩን ተወ። ሰማንያ መቼ እንዳለፈ ሁለቱም አላዩም።

«ሦስት ብርጭቆ ቀድቻለሁ!» የሚል ድምፅ ከሳሎን ተሰማ። «እዚህ ነው የሚጠጣው!»

ካቻቢቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያላለቀ ሥራ ትታ ተነሳች። ሰማያዊዋን ካርድ ኪሷ ልትከት ስትል ተርጓሚው ከእጇ ወሰዳትና ከመዝገበ ቃላቶቹ በአንዱ ገጾች መካከል አስቀመጣት። «የተሰጠኝን አልመልስም» አላት።

ሳሎን ውስጥ ወይዘሮዋ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር፣ የባላቸው የነበረውን፣ ትራሱን አስተካክለው ይጠብቋት ነበር። ስትቀመጥ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ሰኞ ከሐኪም ስመለስ እናትሽ ጋ ትወስጂኛለሽ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከብርጭቆው ሳያነሱ። «እሷ እንዳትመጣ፣ ጉልበቷ ነው። እኔ ነኝ የምሄደው። ተቀመጪ ካለችኝ እቀመጣለሁ።»

ካቻቢቴ በአንገቷ እሺ አለች። እናቷ ምን እንደምትል ታውቃለች፤ ያቺ እናት ሰው አቁማ አታውቅም። ተርጓሚው ከጎኗ ሆኖ ትንሿን ጣቷን ያዘ፤ ወይዘሮዋም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ከወዲያኛው ክፍል ኮምፒውተሩ መነሳቱን የሚያበስረውን ዜማ አሰማ። ሦስቱም ሰሙት። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም።